የኔታን ስታዪ ሩጪ

የኔታ የዋንጫውን ትራፊ ለምን ወይራው ሥር ደፉት? ሰው ሁሉ ወደ ወደቀው ልጅ ሲሮጥ እሳቸው ብቻ ወደ ዋንጫው ለምን ሄዱ? ይህን ጥያቄ ከልጅነቴ ጀምሮ ይዤው እዞራለሁ። ስለ ልብም፣ ስለ መርዝም፣ ስለ ሰው ጠባይም ያገኘሁትን መጽሐፍ ሁሉ አንብቤያለሁ። አንዱም አልመለሰልኝም። እሳቸውም ሳልጠይቃቸው አረፉ።

ባለፈው ሰሞን መብራት ጠፍቶ ሻማ ልለኩስ ክብሪት ጫርኩ። ክብሪቱ እርጥበት ነክቶት ኖሮ ሳይነድ ጤሰ። ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ እጄ ላይ የያዝኩትን ሻማ ረሳሁት። በእኛ አገር ሰው ድንገት ሲወድቅ መጀመሪያ የሚፈለገው ክብሪት ነው። ጭረው፣ አጥፍተው፣ ጭሱን ያሸቱታል፤ የሚጥል በሽታ ከሆነ ይነቃል ይባላል። ያን ዓመት፣ ከአስተርዮ ማርያም እስከ ዳግማይ ትንሣኤ፣ ቤታችን ክብሪት ክብሪት ሲሸት ከረመ።

የወደቀው ታላቅ ወንድሜ ምስጋናው ነው። ጢሙ ገና ያቀመቀመ ዲያቆን ነበር። ከገነተ ማርያም ዝቅ ብሎ ባለው መንደራችን ከበሮ እንደ እሱ የሚመታ አልነበረም። ያስተማሩት የኔታ ናቸው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ዜማውንም አቋቋሙንም ከእሳቸው እግር ሥር ነው የተማረው። እኔ ያኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። እኩዮቼ ደብተር ይዘው ሲሄዱ እኔ ታናሽ እህቴን ትርንጎን እጠብቃለሁ፣ ውኃ እቀዳለሁ። ፊደል የለየሁት ከየኔታ አጥር ውጭ ጀሪካኔን አስቀምጬ፣ ወንዶቹ ሲጮኹ አብሬ በልቤ እየጮኽኩ ነው። የኔታ አይተውኝ ያውቁ እንደሆነ እንጃ። ቢያዩኝም አላባረሩኝም።

የአስተርዮ ማርያም ዕለት ታቦቱ ዞሮ ገባ፤ ካህናቱም ደጀ ሰላም ገብተው እህል ቀመሱ። ከዚያ የዓመቱን ድግስ ለደገሰው ሰው ምስጋና ሊያሸበሽቡ ወደ ወይራው ጥላ ወጡ። እኔና ትርንጎ ከሴቶቹ ጋር የድንጋዩ ካብ ላይ ተቀምጠናል። የኔታ ከዋንጫቸው ጎንጨት አሉና ለምስጋናው ሰጡት።

«እንካ፣ ጉሮሮህን አርጥብ።»

ጠጣ። ጠላ ነበር፤ ከዋንጫው አፍ ላይ አረፋው ሲንጠባጠብ ይታየኛል። ዋንጫውን ለየኔታ መልሶ ከበሮውን አንገቱ ላይ አጠለቀ።

መጀመሪያ ረጋ ያለ ነበር። መቋሚያዎቹ ወደ ግራ ዘንበል፣ ወደ ቀኝ ዘንበል። ቀስ በቀስ ፈጠነ። ጽፋቱ ሲደርስ ጭብጨባው እንደ በረዶ ወረደ፣ እልልታው ቀለጠ። ምስጋናው ከበሮውን እንደታቀፈ ዘለለ፣ ዞረ፣ ደግሞ ዘለለ። ሲያርፍ እግሩ አልቆመም። አልጮኸም፣ ደረቱን አልያዘም። ከትከሻ ላይ እንደሚንሸራተት ነጠላ ዝም ብሎ ወረደ።

«ክብሪት! ክብሪት የያዘ የለም?»

«ጠበል እርጩት!»

«ዘወር በሉ፣ አየር አትንሡት!»

ከበሮውን ከአንገቱ ለማውጣት ተሻሙ። አንዱ እግሩን ያሻል፣ አንዱ ክብሪት ይጭራል፣ አንዱ በስሙ ይጠራዋል። ደረቱን የነካው መስቀል ብቻ ነበር። ያን ደረት መሃሉ ላይ በሁለት እጅ አጥብቆ፣ ቶሎ ቶሎ መጫን እንደሚገባ የሚያውቅ ሰው በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል አልነበረም። ማንም አልነገራቸውማ።

እኔ ካቡ ላይ ስለነበርኩ ከሁሉ በላይ አያለሁ። የኔታ ከሰዉ መሃል ወጡ። ድንጋይ ላይ ያስቀመጡትን ዋንጫ አነሱ። ግራ ቀኝ አዩ። ትራፊውን ወይራው ሥር ደፉት። «ግራ ቀኝ አዩ» ያልኩትን ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ያኔ ግን በማርያም እምል ነበር።

ለቅሶው ላይ መጀመሪያ የተናገረችው የአባቴ እህት አክስቴ ሙሉ ናት።

«እንዲህ ያለ ልጅ ዝም ብሎ ይሞታል? ራሱን አላመመው፣ አላተኮሰው!»

«የእግዜር ጥሪ ነው እንጂ» አለች እማዬ። ድምፅዋ ከለቅሶ ብዛት አልቆ ነበር።

«እግዜር ሲጠራ በሽታ ይልካል። በሽታ ሳይልክ የሚወስድ ሰው ነው።»

ሴቶቹ ለቅሶውን ትተው ወደ እሷ ዞሩ። ያ ከለቅሶው ይልቅ አስፈራኝ።

«ከፋሲካ በኋላ ላሊበላ ሄዶ በመምህርነት ሊያስመሰክር አልነበር?» ቀጠለች አክስቴ፣ ወደ ጆሮ ዝቅ ብላ፣ ግን ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ። «አስመስክሮ ቢመለስ ወንበሩ የማን ሊሆን ኖሯል? ተማሪው ሲበልጠው ደስ የሚለው ደብተራ የት አገር አለ?»

«ተይ ሙሉ፣ ነውር ነው» አለች አንዷ።

«እኔ ምን አልኩ? ስም ጠርቻለሁ?»

ስም አልጠራችም። ስሙን ሁሉም በልቡ ጠራው። የዋንጫውን ነገር ግን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ለማንም አልተናገርኩም። አባዬ ብዙ የማይናገር ሰው ነው፤ የእንዲህ ያለ ሰው ቁጣ ምን እንደሚመስል አይቼ ስለማላውቅ ፈራሁ። ዝም ብዬ ራሴ ልጠብቃቸው ወሰንኩ።

ከዚያ ወዲያ ውኃ ልቀዳ ስወርድ ከየኔታ አጥር ሥር የምቆመው ፊደል ለመስማት አልነበረም። የሚያደርጉትን ሁሉ አያለሁ። ከጎጆአቸው ጀርባ በሸክላ አንድ ጥቁር ነገር ያፈላሉ። ከምጣድ ቂጥ የፋቁትን ጥላሸት ይጨምሩበታል። ቅጠል ይቀጠቅጣሉ፣ ያማስላሉ፣ ከድነው ይተዉታል፤ ሰንብተው ደግሞ ይከፍቱታል። ሲከፍቱት የበሰበሰ እህል የመሰለ ሽታ አጥሩን አልፎ ይመጣል። መርዝ እንደዚህ እንደሚሠራ ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁ።

አንድ ቀን ጀሪካኔ ተንኳኳና ዞር አሉ።

«ማነሽ አንች? የምስጋናው እህት አይደለሽ? ነይ ግቢ።»

«አልገባም።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ምንድነው የሚሸተው?»

«ቀለም ነዋ! መጽሐፍ የሚጻፍበት። ሳይሸት አይበስልም።» ማማሰያውን ከፍ አደረጉት። ጥቁሩ ነገር እንደ ማር ተዘረጋ። «ቀምሰሽ ታይው?» አሉና ሳቁ።

እየሳቁ ሳሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ጭሱ ነው አልኩ። ያን እንባ ዛሬ በሌላ መንገድ ላነበው እችላለሁ፤ ግን የማነበው በሳቸው ላይ እንዳልፈርድ ስለምፈልግ ይሁን፣ እውነት ስለሆነ ይሁን፣ አላውቅም። ያኔ ግን የሰማሁት «ቀምሰሽ ታይው» ማለታቸውን ብቻ ነው። ምስጋናውም ቀምሶ ነበርና።

ማታውኑ ትርንጎን ይዤ ሕግ አወጣሁላት።

«የኔታን ስታዪ ሩጪ። ጥቁር ጃንጥላቸውን ካየሽ በቃ፣ ወደ ቤት ነው።»

«ቢጠሩኝስ?»

«አትስሚ።»

«ዳቦ ቢሰጡኝስ?»

«ዳቦ ከሰጡሽማ ይበልጥ ሩጪ!»

«አንችስ ትሮጫለሽ?»

«ከኋላሽ ነኝ።»

ወደደችው። ስድስት ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላትም፤ ለእሷ ጨዋታ ነበር። ከምንጩ ወደ ቤታችን የሚወጣው አቀበት ፍየል የሚያለከልክበት ነው። የኔታ ደግሞ ጃንጥላቸውን ይዘው በዚያው መንገድ ነው ቤተ ክርስቲያን የሚመላለሱት።

ዐቢይ ጾም እንደገባ፣ ሕጉን ካወጣሁላት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደቀች። ጃንጥላውን ከሩቅ አይታ እንደ ጥንቸል ተፈተለከች። እኔ ጀሪካን አዝዬ ስለነበር ወደ ኋላ ቀረሁ። ስደርስ በራፋችን ላይ ተዘርራለች። ፊቷ አመድ መስሏል። ልጮኽ አፌን ስከፍት ዓይኗን ገለጠች።

«ቀደምኩሽ?» አለችኝ።

ሁለተኛው ጊዜ አክስቴ ሙሉ ቤት ነበረች። ወዲያው ክብሪት ጫረች፤ ጭሱን አፍንጫዋ ሥር ያዘችላት። ትርንጎ አስነጥሳ ነቃች። አክስቴ ግን አልለቀቀቻትም። ጸጉሯን ይዛ ጠየቀቻት፦

«ለፍልፊ! ማነው የያዘሽ?»

ትርንጎ ግራ ገባት። ወደ እኔ አየች።

«ማንን አየሽ? ከመውደቅሽ በፊት ማንን አየሽ?»

«የኔታን» አለች ትርንጎ። እውነቷን ነው።

አክስቴ ቀና ብላ አባዬን አየችው። «ሰማህ? እኔ ነኝ ያልኩት? ይኸው፣ ሕፃን አይዋሽ።»

አባዬ ተነሣ። ደጅ ወጥቶ ቆመ። እማዬ ትርንጎን አቅፋ ወዲህና ወዲያ ትወዛወዛለች፤ «ይችንም? ይችንም?» እያለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን የሚታሰበው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፦ ትርንጎ እንደ ምስጋናው እንዳትሄድ።

ወሬው ወንዝ አይፈራም። የየኔታ ተማሪዎች አንድ አንድ እያሉ ሌላ መምህር ፍለጋ ሄዱ። ከአጥሩ የሚሰማው ጩኸት እየሳሳ መጣ። እሳቸው ግን ጃንጥላቸውን ይዘው በዚያው መንገድ ይመላለሳሉ። ሰው ቢያልቅባቸውም መንገድ አለመቀየራቸው ለእኔ ሌላ ማስረጃ ነበር።

ትርንጎን ነአኩቶ ለአብ ጠበል ወሰድናት። እማዬ አዝላት ነው የሄደችው። ዋሻው ውስጥ ውኃው ከጣሪያው ጠብ ጠብ እያለ በድንጋይ ገበታዎች ላይ ይጠራቀማል፤ እሱን ያጠምቋታል። ቀዝቃዛ ነው፤ ትንቀጠቀጣለች፣ ትስቃለችም። እዚያ ሰነበትን። በሰነበትንበት ሁሉ አንድ ቀን አልወደቀችም። እማዬ «ጠበሉ ነው» አለች። አክስቴ ሙሉ «ከሰውዬው ዓይን ስለራቀች ነው» አለች። እኔም ከአክስቴ ጋር ነበርኩ። ዋሻው ውስጥ የኔታ የሉም፤ የሚሮጥበት ሜዳም የለም። ከሁለቱ ያየሁት አንዱን ብቻ ነው።

ወደ ቤት በተመለስን በሰሙነ ሕማማት ጃንጥላው ብቅ አለ። እኔ ራሴ «ሩጪ!» አልኳት። ይህኛው አወዳደቅ ከሁሉም የከፋ ነበር። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆነ። እማዬ ደረቷን እየደበደበች አነባች፤ የራሷን ደረት ማለቴ ነው። ትርንጎ ስትነቃ ስለ መቅደም ምንም አልጠየቀችኝም። አባዬ ያን ምሽት አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገረ፦

«ፋሲካ ይለፍ። እኔና እሳቸው እንነጋገራለን።»

ከፋሲካ በኋላ ክትባት የምትሰጥ ሴት መጣች። ወገል ጤና ነው አገሯ፤ ሰዉ ሲስተር ይላታል። ከትምህርት ቤቱ ግቢ ጠረጴዛ አስወጥታ፣ የበረዶ ሣጥኗን ከጎኗ አድርጋ ተቀመጠች። እማዬ ወገቧን ይዟት ስለነበር ትርንጎን ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ። ተከተበች፣ አለቀሰች፣ ወዲያው ረስታው ከልጆቹ ጋር ሄደች። እኔ ግን አልሄድኩም። ሰልፉ እስኪያልቅ ጠበቅሁ። ይችን ሴት ሳያት ቆይቻለሁ። በመንደራችን ዘመድ የላትም፤ ከአክስቴ ሙሉም ከየኔታም ጋር አትጠጣም። ብነግራት ለማን ታወራዋለች?

«አንች ትልቅ ነሽ፣ ይኸ ክትባት የሕፃን ነው» አለችኝ።

«ሲስተር፣ ሰው በዓይኑ ይገድላል?»

ጥጥ እየጠቀለለች ነበር። ቀና አለች። «ማን ማንን ገደለ?»

ሁሉንም ነገርኳት፤ ዋንጫውን፣ ወይራውን፣ የሚሸተውን ቀለም፣ ጃንጥላውን። ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችም። ስለ የኔታ አንድም ጥያቄ አልጠየቀችኝም፤ ይህ ቅር አለኝ። የጠየቀችኝ ስለ ትርንጎ ነው።

«ልጅቱ ከመውደቋ በፊት ምን ታደርግ ነበር?»

«የኔታን አየች።»

«እሺ። አይታቸው ምን አደረገች?»

«ሮጠች።»

«ሁልጊዜ?»

«እኔ ነኝ ያስተማርኳት» አልኩ ኮራ ብዬ።

«ሳትሮጥ አይታቸው ታውቃለች?»

አሰብኩ። በግምት መመለስ አልወድም፤ ያኔም አልወድም ነበር። «የትንሣኤ ዕለት። እማዬ አዝላት ነበር። የኔታ መጥተው ራሷን ዳበሱ። እማዬ አፍራ አልከለከለቻቸውም።»

«ወደቀች?»

«አልወደቀችም።»

«እሳቸው በሌሉበትስ ወድቃ ታውቃለች?»

«አንዴ። ላም ስታባርራት። ምስጋናው ሳይሞት ነው፤ ደንግጣ ነው አልን።»

«አረፋ ትደፍቃለች? ምላሷን ትነክሳለች?»

«ኧረ ምንም! ትገረጣለች። ደግሞ ቶሎ ትነቃለች። ስትነቃ ‹ቀደምኩሽ?› ትላለች።»

ሲስተር ጥጡን አስቀመጠችው።

«ወንድምሽስ? የወደቀ ጊዜ ምን ያደርግ ነበር?»

«ከበሮ ታቅፎ ይዘል ነበር።»

ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ «ማንን አየች» እንጂ «ምን ታደርግ ነበር» ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔንም ጨምሮ።

ደሴ መሄዳችን ኋላ ነው። የትርንጎ ደረት ላይ ሽቦ ተለጥፎ ወረቀቱ ላይ መስመር ሲሰመር ያየሁትም ኋላ ነው። ሐኪሙ ለአባዬ ሲያስረዳው በር ላይ ቆሜ ሰማሁ፦ ልብ የምትመታው በራሷ የኤሌክትሪክ ትእዛዝ ነው፤ በአንዳንድ ቤተሰብ ይህ ትእዛዝ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርድ ጉድለት አለበት፤ ሩጫ፣ ድንጋጤ፣ አንዳንድ መድኃኒትም ያስነሣዋል፤ ያኔ ልብ ደም መግፋቷን ትታ ትንቀጠቀጣለች፣ ሰውየውም ይወድቃል። ካልተመለሰች በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታል። ጤነኛ የሚመስል ወጣት ሲሮጥ ወይ ሲዘል ራሱን ከሳተ፣ ወይ በቤተሰቡ ወጣት ሆኖ ድንገት የሞተ ካለ፣ ቶሎ መመርመር አለበት አለ። ሁላችንንም አስተኝቶ መረመረን። የእማዬ መስመር ላይ ሲደርስ ቆም አለ። «ከኔ ነው?» አለችው። «ከማንም ጥፋት አይደለም እናቴ» አላት። ትርንጎ ኪኒን በየቀኑ ሳታቋርጥ እንድትወስድ፣ ሩጫ እንዳትሮጥ፣ ድንገት እንዳናስደነግጣት አዘዘ። ከወደቀችና ትንፋሽ ካጣች ደግሞ ክብሪት ፍለጋ እንዳንሄድ፣ ደረቷን እንዴት እንደምንጫን በትራስ ላይ አሳየን። አባዬ ትራሱን በቃህ እስኪባል ተጫነው፤ የማንን ደረት እያሰበ እንደነበር አውቃለሁ።

ይህ ሁሉ ግን ያን ቀን ገና አልመጣም። ያን ቀን ሲስተር ያወቀችው ነገር እንዳልነበረ፣ የጠረጠረችው ብቻ እንደነበረ ዛሬ ይገባኛል። እኔ ስጠረጥር ከርሜ እንደሷ የጠረጠረ ሰው አላየሁም።

«እህትሽ አሁን የት ናት?» አለችኝ።

«ያችውና፣ እዚያ ማዶ።»

ከግቢው ጫፍ ልጆቹ ክብ ሠርተው አባሮሽ ሊጀምሩ ይማማላሉ። ትርንጎ ቀሚሷን ወደ ላይ ሰብስባ እግሯን አስቀድማለች። ልጠራት ተነሣሁ፤ ትንፋሼን ሳብኩ። ሲስተር አፌን በመዳፏ ያዘችው። መዳፏ አልኮል ይሸታል።

«አትጥሪያት» አለችኝ በሹክሹክታ። «ሮጣ ትመጣለች።»

ጠረጴዛውን፣ መርፌውን፣ የበረዶ ሣጥኑን እንዳለ ትታ ተነሣች። አልፈጠነችም። ገበያ አይታ እንደምትመለስ ሴት እየተንቀራፈፈች ግቢውን አቋረጠች። ልጆቹ ዘንድ ስትደርስ ትርንጎ ፊት ቁጢጥ አለች፤ ምን እንዳለቻት አልሰማሁም። ትርንጎ ሳቀች፣ እጇን ሰጠቻት።

እየተራመደች መጣች።